ቀጣዩ ጣቢያ የትኛው ነው? ስለ ባቡር የመረጃ ሰሌዳዎችና የድምፅ ማስታወቂያዎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በባቡርና በባቡር ጣቢያ ስለሚታዩ የመረጃ ሰሌዳዎች፣ እንዲሁም ስለሚሰሙ የድምፅ ማስታወቂያዎች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች በዝተው ስለደረሱን የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ብቻ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል፤ ረጃጅሞቹንም ሐሳባቸውን ሳንለውጥ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በተሳፈርኩበት ባቡር ውስጥ ያለው ሰሌዳ ከመንገዱ አጋማሽ ጀምሮ አንድ ጣቢያ እየቀደመ ያሳይ ነበር፤ የድምፅ ማስታወቂያውም እንደ ሰሌዳው ነበር። ውጪው ጨለማ ስለነበር የሰማሁትን አምኜ ወረድኩ። ከመድረሻዬ አንድ ጣቢያ ቀድሜ መውረዴን ያወቅሁት ባቡሩ ከሄደ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት እንዴት ይፈጠራል? ባቡሩስ የት እንዳለ የሚያውቀው በምንድን ነው?

መልስ፦ የሰሙትን አምነው መውረድዎ ጥፋት አይደለም፤ ማስታወቂያ የሚነገረው እንዲታመን ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን ባቡር ያለበትን ቦታ የሚያውቅበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

በባቡሩ ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር የጣቢያዎቹን ስም በቅደም ተከተል፣ በመካከላቸውም ያለውን ርቀት መዝግቦ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ከዝርዝሩ የትኛው ስም ላይ እንደደረሰ መከታተል ነው። ለዚህም በመጀመሪያ የጎማውን ዙር ይቆጥራል። በጎማው ዘንግ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ጎማው ሲዞር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል፤ ኮምፒዩተሩም ከምቶቹ ብዛትና ከጎማው ዙሪያ ርዝመት የተጓዘውን መንገድ ያሰላል። ችግሩ የብረት ጎማ በአገልግሎት ብዛት እየተበላ መሄዱና በየጊዜውም ተሞርዶ መስተካከሉ ነው። ለምሳሌ ኮምፒዩተሩ የጎማው ዲያሜትር 84 ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ እያሰላ ጎማው ግን ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ቢሆን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዣለሁ ብሎ በሚመዘግብበት ጊዜ ባቡሩ በእርግጥ የተጓዘው 952 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታረም ለ20 ኪሎ ሜትር ቢጠራቀም አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጣቢያዎቹ በተቀራረቡበት መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ማለት አንድ ጣቢያ ነው። ሐዲዱ በዝናብ ሲረጥብ ጎማው ስለሚንሸራተትም ቆጠራው ይዛባል።

ሁለተኛው መንገድ የሳተላይት ምልክት፣ ማለትም ጂፒኤስ ነው። ይህ ሜዳ ላይ በደንብ ይሠራል፤ በዋሻ ውስጥ ግን ከነጭራሹ አይገኝም፤ በረጃጅም ሕንጻዎች መካከልም ምልክቱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ያሳስታል። ስለዚህ በብዙ መስመሮች በሐዲዱ መካከል ባሊዝ የሚባሉ መሣሪያዎች ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ ባሊዞች የራሳቸው የኃይል ምንጭ የላቸውም፤ ባቡሩ በላያቸው ሲያልፍ ከእርሱ በሚያገኙት የሬዲዮ ኃይል ነቅተው መለያ ቁጥራቸውን ይልካሉ። ኮምፒዩተሩም ያን ቁጥር ሲያገኝ እስከዚያ የተጠራቀመውን የቆጠራ ስህተት ይሰርዛል።

በእርስዎ ላይ የደረሰውን ሳስበው ግን ጥርጣሬዬ በበሩ ላይ ነው። ቀለል ያሉት ሥርዓቶች ባቡሩ ቆሞ በሩ ከተከፈተ ጣቢያ ደርሷል፣ በሩ ተዘግቶ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ወደሚቀጥለው ስም ተሸጋግሯል ብለው ይወስናሉ። ስለዚህ በሩ በአንድ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ቢከፈት፣ ለምሳሌ ባቡሩ ለመነሣት ጥቂት እንደተንቀሳቀሰ ቆሞ የቀረ ተሳፋሪ ቢያስገባ፣ ዝርዝሩ በአንድ ፈንታ ሁለት ስም ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚያርመው ባሊዝ ወይም ሰው ከሌለ ስህተቱ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ይዘልቃል። የእርስዎም ባቡር በጉዞው አጋማሽ ድንገት አንድ ጣቢያ መቅደሙ ከዚህ ጋር ይስማማል። በተቃራኒው ባቡሩ ማቆም የነበረበትን ጣቢያ ሳያቆም ቢያልፍ ሰሌዳው ወደ ኋላ ይቀራል።

አብዛኛውን ጊዜ ነጂው ዝርዝሩን አንድ ስም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅስበት ቁልፍ አለው፤ ነገር ግን እርሱ ዓይኑ ሐዲዱ ላይ ስለሆነ በፉርጎዎቹ ውስጥ ምን እየተነገረ እንደሆነ ላያስተውል ይችላል። ስለዚህ ስህተቱን ያየ ተሳፋሪ በፉርጎው ውስጥ ላለ ሠራተኛ ቢነግር ትልቅ አገልግሎት ነው። ሠራተኛ ከሌለም ሲወርዱ የፉርጎውን ቁጥር፣ አቅጣጫውንና ሰዓቱን መዝግበው ለጣቢያው ያሳውቁ፤ ቁጥሩ ካለ ጥገናው የትኛው ባቡር ላይ እንደሚሠራ ይታወቃል። ከመውረድዎ በፊት የጣቢያው ስም በግድግዳው ወይም በምሰሶው ላይ የተጻፈበትን ቋሚ ሰሌዳ መመልከትም ይጠቅማል፤ እርሱ ከምንም ኮምፒዩተር ጋር ስላልተገናኘ አንድ ጣቢያ ሊቀድም አይችልም። ኮምፒዩተሩ ራሱ በተጠራጠረ ጊዜስ? የቆጠራው ርቀትና የበሩ ታሪክ እርስ በርስ ካልተስማሙ የጣቢያ ስም መጥራቱን ትቶ የመጨረሻውን መድረሻ ብቻ ቢያሳይ ይሻላል ባይ ነኝ። ስም ያልተነገረው ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ የተሳሳተ ስም የተነገረው ሰው ግን ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የጣቢያውን ሰሌዳ በስልኬ ፎቶ ሳነሣ ግማሾቹ ፊደሎች ጠፍተው ይወጣሉ፤ በዓይኔ ስመለከተው ግን ሙሉ ነው። ሰሌዳው ተበላሽቶ ይሆን? ብዙዎቹ ሰሌዳዎችስ ለምን ብርቱካንማ ቀለም ብቻ አላቸው?

መልስ፦ አልተበላሸም። በሰሌዳው ላይ ያሉት ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበሩም፤ ሽቦና ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ረድፎቹ በየተራ፣ ነገር ግን እጅግ በፍጥነት እየበሩ ይጠፋሉ። ዓይናችን ያየውን ለቅጽበት ይዞ ስለሚቆይ ሙሉ ጽሑፍ ይታየናል፤ የስልኩ ካሜራ ግን በጠራራ ብርሃን ከሰከንድ አንድ ሺኛ ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ሊከፈት ስለሚችል በዚያ ቅጽበት የበሩትን ረድፎች ብቻ ይይዛል። ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ ቢያደርጉት ጽሑፉ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

ቀለሙ ከታሪክ የመጣ ነው። ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ ነው፤ ቢጫና ብርቱካንማው ተከትለው መጡ። ደማቅ ሰማያዊው ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አልተገኘም ነበር፤ ለዚያ ሥራም ሦስት ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሰማያዊው ከመገኘቱ በፊት ነጭም ሆነ ሰማያዊ የሚገባባቸውን ሌሎች ቀለሞች በኤልኢዲ በደማቁ መሥራት ስለማይቻል የባቡር ሰሌዳዎች በነበረው ቀለም ተሠሩ። ብርቱካንማው በጨለማ ዓይን ስለማያጥበረብርና በቀን ብርሃንም ስለሚነበብ ብዙዎች እስከ ዛሬ አልለወጡትም።

ከኤልኢዲ በፊት የነበረው ሰሌዳ ስም የተጻፈባቸው ስስ ቅጠሎች እየተገለበጡ የሚለዋወጡበት ነበር። በኢጣሊያ ኡዲኔ ከተማ የሚገኘው የሶላሪ ኩባንያ የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ሰሌዳ ለቤልጅግ የሊዬዥ ባቡር ጣቢያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ያ ሰሌዳ አንድ ቁም ነገር ነበረው። መረጃው በተለወጠ ቁጥር ቅጠሎቹ ስለሚንኳኩ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያነበው መንገደኛ ድምፁን ሰምቶ ቀና ይል ነበር። የዛሬው ስክሪን በጸጥታ ይለወጣል፤ ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ ተቀይሮ ሳያውቅ የሚቀር ሰው የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ለውጥ ሲኖር አጭር የደወል ድምፅ የሚያሰሙ ጣቢያዎች የጠፋውን ጥቅም መልሰው እያመጡ ነው።

ጥያቄ፦ በጣቢያው ሰሌዳ ላይ «2 ደቂቃ» የሚለው ጽሑፍ አንዳንዴ ለአምስት ደቂቃ ሳይለወጥ ይቆያል፤ ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይነግረኛል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሰሌዳው የሚያሳየው ቁጥር ትንበያ እንጂ የሰዓት ንባብ አይደለም። ትንበያው የሚነሣው ባቡሩ አሁን ካለበት ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ ደግሞ በብዙ መስመሮች የሚናገረው ሐዲዱ ራሱ ነው። ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተለይቶ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ ባቡር ሲገባበት የብረት ጎማዎቹና ዘንጎቹ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ኤሌክትሪኩ መደበኛ መንገዱን ይስታል፤ መቆጣጠሪያውም «ይህ ክፍል ተይዟል» ብሎ ያነባል። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ዊሊያም ሮቢንሰን በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ሲሆን የተዘረጋው የባቡሮችን ግጭት ለመከላከል እንጂ ለመንገደኛ ሰዓት ለመንገር አይደለም። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ባቡሩ በዚያ ክፍል ውስጥ መሆኑን ያውቃል፤ በክፍሉ መጀመሪያ ይሁን በመጨረሻው፣ እየሄደ ይሁን ቆሞ፣ ከዚያ ምልክት ብቻ አያውቅም። ኮምፒዩተሩም ባቡሮች ከዚያ ክፍል ተነሥተው እርስዎ ያሉበት ጣቢያ ለመድረስ በተለምዶ የሚወስድባቸውን ጊዜ ወስዶ «2 ደቂቃ» ይላል። ባቡሩ በቀይ መብራት ቢቆም ወይም ከፊት ባለው ጣቢያ ተሳፋሪ በዝቶ በሩ ለመዘጋት ቢዘገይ ክፍሉ ስለማይለወጥ ቁጥሩም አይለወጥም።

መተግበሪያው ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች መረጃቸውን የሚያገኙት በአንድ የታወቀ የመረጃ አቀራረብ ሥርዓት ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የፖርትላንድ ከተማ ትራንስፖርት ድርጅትና ጉግል በጋራ የጀመሩት ሲሆን መጀመሪያ የሚይዘው የታቀደውን የጉዞ ሰሌዳ ብቻ ነበር፤ ወቅታዊ ለውጦችን የሚያስተላልፈው ክፍል የተጨመረው በ2011 ነው። መረጃው ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ተነሥቶ በድርጅቱ ኮምፒዩተርና በመተግበሪያው ባለቤት በኩል እስኪያልፍ ጊዜ ይወስዳል። ከዚህ የከፋው ወቅታዊው መረጃ ሲቋረጥ አንዳንድ መተግበሪያዎች ሳይናገሩ ወደታቀደው ሰዓት መመለሳቸው ነው፤ ያን ጊዜ የሚያዩት ባቡሩ መድረስ የነበረበትን እንጂ የሚደርስበትን ሰዓት አይደለም።

ስለዚህ ባቡሩ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ለሐዲዱ ምልክት ቅርብ የሆነውን የጣቢያውን ሰሌዳ ይመኑ፤ ከቤት ለመውጣት ወይም ሌላ መስመር ለመምረጥ ሲያስቡ ደግሞ መተግበሪያው ይጠቅምዎታል፤ ሆኖም ቁጥሩ ወቅታዊ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት አብሮት መኖሩን ይመልከቱ። ቁጥሩ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ባቡሩ የሆነ ቦታ ቆሟል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ሰሌዳዎች የታቀደውን ሰዓትና በባቡሩ ቦታ ላይ ተመሥርቶ የተሰላውን ሰዓት በተለያየ መልክ ቢያሳዩ ግን መንገደኛው ይህን ሁሉ መገመት ባላስፈለገው ነበር።

ጥያቄ፦ በትልልቅ ጣቢያ አዳራሾች የሚነገረውን ማስታወቂያ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም፤ ድምፁ ከፍተኛ ነው፣ ቃሉ ግን አይለይም። ጆሮዬ ጤነኛ ነው። ለምንድን ነው?

መልስ፦ ድምፅ መስማትና ቃል መለየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው መስተዋት በሆነ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንድ ድምፅ ከተነገረ በኋላ እየነጠረ ለብዙ ሰከንዶች ይቆያል። ሰው ሲናገር በሰከንድ አራትና አምስት ክፍለ ቃላት ያወጣል። እንግዲህ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ገደል ማሚቶ ሳይሞት ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አሥረኛው ይደርሱበታል፤ ሁሉም ተደራርበው የሚቀረው ጉምጉምታ ነው። ድምፁን ከፍ ማድረግ ማሚቶውንም እኩል ከፍ ስለሚያደርገው መፍትሔ አይሆንም።

የንግግርን ግልጽነት ለመለካት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ሃውትጋስትና ስቴነከን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበሩት መለኪያ አለ፤ ከ0 ይጀምርና በ1 ይጨርሳል፤ 0 ምንም የማይለይ፣ 1 ደግሞ ፍጹም ግልጽ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አካል ጉዳተኞችና የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው ሰዎች በባቡር እንዲገለገሉ በ2014 ባወጣው ደንብ ለመንገደኛ የሚነገር መረጃ ቢያንስ 0.45 እንዲያገኝ ይጠይቃል። ወደዚያ ለመድረስ የሚረዳው ጥቂት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎችን ከጣሪያ ላይ ከመስቀል ይልቅ ብዙ ትንንሾችን ከሰው አጠገብ ማድረግና ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ፣ ድምፅ የሚመጥ ነገር በጣሪያና በግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀስ ብሎ መናገር ነው። በባቡሩ ውስጥ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ እዚያ ጠላቱ ማሚቶ ሳይሆን የጎማና የነፋስ ጫጫታ ስለሆነ ጥሩዎቹ ባቡሮች የጫጫታውን መጠን በማይክሮፎን እየለኩ የማስታወቂያውን ድምፅ ከእርሱ በላይ ያደርጉታል፤ ባቡሩ ሲቆምም መልሰው ዝቅ ያደርጉታል።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ማስታወቂያ የሚያነቡ ሰዎች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። አማርኛ ግሡን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ አዎንታውና አሉታውም ያለው እዚያው ነው። «ይህ ባቡር በሚቀጥለው ጣቢያ ይቆማል» እና «ይህ ባቡር በሚቀጥለው ጣቢያ አይቆምም» የሚለያዩት በመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነው። አንባቢው ደግሞ ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ትንፋሹ ያልቃል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ጣቱም ከማይክሮፎኑ ቁልፍ ላይ ቀድሞ ይነሣል። ሁሉን የሚወስነው ቃል ከሁሉ ይልቅ የማይሰማው ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሮ ሁለት ጊዜ መናገር፣ የመጨረሻውን ቃል ሳያወርዱ መጨረስ፣ ቁልፉንም ከንግግሩ በኋላ አንድ ሰከንድ ይዞ መቆየት ገንዘብ አያስወጣም።

ጥያቄ፦ ተቀድቶ የሚሰማው ማስታወቂያ በአማርኛ ሲሆን የተቆራረጠ የሚመስለው ለምንድን ነው? በሌሎች ቋንቋዎች እንደዚያ አይሰማኝም።

መልስ፦ ማስታወቂያው በብዛት የሚሠራው አስቀድሞ የተቀዱ ቁርጥራጮችን በመገጣጠም ነው፤ አንዱ ቁራጭ «ቀጣዩ ጣቢያ»፣ ሌላው የጣቢያው ስም፣ ሦስተኛው «ነው»። አሠራሩ ቃላት እንደ ጡብ ለየብቻ ቆመው በሚደረደሩበት ቋንቋ ይቀናል። በአማርኛ ግን «ከ»፣ «በ»፣ «ለ» እና «የ» ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ፤ ስሙ በ«አ» ሲጀምርም ድምፁ ይዋሐዳል፤ «ከአደባባይ» ብለን ጽፈን «ካደባባይ» እንላለን። «ከ» ለብቻዋ ተቀድታ ከስም ጋር ስትቀጠል የሚሰማው መቆራረጥ ከዚህ የመጣ ነው። ዜማውም አለ፤ ስም በዐረፍተ ነገር መካከል ሲመጣና ለብቻው ሲጠራ አነሣሡ አንድ አይደለም። መፍትሔው እያንዳንዱን ስም በሁለት ዜማ መቅዳት፣ ወይም ዐረፍተ ነገሩን ስሙ ነጻ ሆኖ በሚቆምበት መንገድ ማዋቀር ነው፤ «ወደ» ለብቻዋ የምትቆም ስለሆነች ከ«ከ» ይልቅ ትመቻለች።

ጽሑፍን ራሱ የሚያነብ ኮምፒዩተርም የራሱ ፈተና አለው። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ዋና ጣቢያ» ሲል «ዋና» ጠብቆ ካልተነበበ የውኃ ዋና ይሆናል፤ «ገና» ላልቶ «እስካሁን» ሲሆን ጠብቆ በዓል ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት በእጅ እየታረሙ ካልገቡ ማሽኑ ይስታል። በሰሌዳውም ላይ ቢሆን የላቲን ፊደል በ7 ነጥብ ቁመትና በ5 ነጥብ ስፋት ይነበባል፤ በዚያው ልክ የእኛ ፊደል ሲሠራ ግን «ጨ» እና «ጩ»፣ «ተ» እና «ቸ» ይመሳሰላሉ፤ የአናባቢ ቅጥያው የሚያርፍበት ነጥብ ይጠፋል። 16 ነጥብ ቁመት ያለው ሰሌዳ መጠየቅ ለፊደላችን ቅንጦት አይደለም።

የድምፅ ነገር ከተነሣ አንድ ታሪክ ልጨምር። በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኢምባንክመንት ጣቢያ፣ በመድረኩና በባቡሩ መካከል ካለው ክፍተት የሚያስጠነቅቀው ድምፅ የተዋናዩ የኦስዋልድ ሎረንስ ነበር። ተዋናዩ እ.ኤ.አ. በ2007 ካረፉ በኋላ ባለቤታቸው ድምፃቸውን ለመስማት ወደ ጣቢያው ይሄዱ ነበር፤ በ2012 መጨረሻ ድምፁ በአዲስ ሲተካ አመለከቱ፤ በ2013 የባቡሩ ሠራተኞች የድሮውን ቅጂ ፈልገው ወደ ጣቢያው መለሱላቸው።

ጥያቄ፦ መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ አብሮኝ የሚጓዘው ጓደኛዬ ደግሞ ማየት የተሳነው ነው። አንዳችን ለሌላው ሳንናገር ሁለታችንም እኩል መረጃ የምናገኝበት ባቡር ምን ዓይነት ነው?

መልስ፦ በድምፅ የሚነገረው ሁሉ የሚጻፍበት፣ የሚጻፈውም ሁሉ የሚነገርበት ባቡር ነው። ብዙ ባቡሮች የጣቢያውን ስም በሁለቱም መንገድ ይናገራሉ፤ ነገር ሲበላሽ ግን ነጂው በማይክሮፎን ብቻ ይናገርና ሰሌዳው የድሮውን ስም እንደያዘ ይቀራል። እርስዎን ከሌሎች የሚለየው ያ ሰዓት ነው፤ ሊሞላ የሚገባውም ክፍተት እርሱ ይመስለኛል።

ከላይ የጠቀስኩት የአውሮፓ ደንብ የቀጣዩ ጣቢያ ስም ከመድረሱ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ በፊት፣ ጣቢያዎቹ ከዚያ ከተቀራረቡም ባቡሩ ካለፈው ጣቢያ እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ጽሑፉም ቢያንስ ከ51 በመቶ መቀመጫዎችና ከሁሉም የተሽከርካሪ ወንበር ቦታዎች እንዲነበብ ያዛል። የሚንሸራተት ጽሑፍ ከሆነ እያንዳንዱ ቃል ቢያንስ ለ2 ሰከንድ መታየት አለበት፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ6 ፊደል መብለጥ የለበትም። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ሊያስተውል የሚገባው አለ፤ የእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ በሰከንድ 6 ፊደል ለእኛ ከላቲን አንባቢ ይበልጥ ፈጣን ነው፤ ቀስ ማለት አለበት።

የመስማት አጋዥ መሣሪያ ለሚጠቀሙ ሰዎች ማስታወቂያውን በመግነጢሳዊ መንገድ በቀጥታ ወደ መሣሪያው የሚያደርስ ሽቦ በመድረክ፣ በቲኬት መስኮትና በፉርጎ ይዘረጋል፤ የጆሮ ምልክት ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። ለጓደኛዎ ደግሞ በቶኪዮ የያማኖቴ መስመር ያለው አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በክብ መስመሩ በአንዱ አቅጣጫ የሚሄደውን ባቡር የወንድ፣ በሌላው የሚሄደውን የሴት ድምፅ ስለሚያስታውቅ የጣቢያ ስም ሳይሰማ እንኳ አቅጣጫው ይለያል። ቀለምን በሚመለከት፣ መዘግየትን በቀይ ብቻ መግለጽ አይበቃም፤ በአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ወንዶች ዘንድ ከ12 አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራል፤ ቃሉም መጻፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ባቡራችን በዋሻ ውስጥ ቆሞ ከሃያ ደቂቃ በላይ አንዲት ቃል ሳይነገረን ቆየን። ሕፃናት ያለቅሱ ነበር፤ በሩን ለመክፈት የሚታገሉም ነበሩ። ነጂው ለምን ዝም ይላል?

መልስ፦ ባቡሩ በድንገት ሲቆም የነጂው የመጀመሪያ ግዴታ ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር መነጋገርና ባቡሩን ከሌሎች ባቡሮች መጠበቅ ነው፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ዝምታ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ግን ብዙ ጊዜ ከፍርሃት ይመጣል፤ ነጂው ምክንያቱን ስለማያውቅ የተሳሳተ ነገር ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጣል። ምርጫው የተሳሳተ ነው፤ ዋጋውንም እርስዎ በዓይንዎ አይተዋል። ተሳፋሪ በሩን ከፍቶ ወደ ዋሻው ቢወርድ በብዙ የምድር ውስጥ መስመሮች 750 ቮልት ያህል የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ሐዲድ ከእግሩ አጠገብ አለ፤ በጎን ባለው መስመርም ባቡር ሊመጣ ይችላል። አንድ ሰው እንደወረደ ሲታወቅም ኃይሉ ስለሚቋረጥ ሃያው ደቂቃ ሰዓታት ይሆናል።

ነጂው ምክንያቱን ባያውቅም የሚናገረው አለው፦ «ከፊታችን ቀይ መብራት ስላለ ቆመናል፤ ምክንያቱን እየጠየቅሁ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ ሆናችሁ መቆየት ደኅና ነው፤ በሩን አትክፈቱ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ እንደገና አነጋግራችኋለሁ።» ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ምንም የማያውቀውንም ነገር አልተናገረም። ሦስቱ ደቂቃ ሲሞላም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ አዲስ ነገር እንደሌለ ይናገራል። «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» የሚለውን ግን ባይጠቀምበት እመርጣለሁ፤ ለሰሚው ምንም አይነግረውም፣ ሥጋቱንም ይጨምራል።

እርስዎም ዳግመኛ እንዲህ ቢገጥምዎ በበሩ አጠገብ ከነጂው ጋር የሚያነጋግር ቁልፍ ካለ ይጫኑና ያሉበትን ፉርጎ፣ የታመመ ወይም ሕፃን መኖሩን ይንገሩት፤ ምን እየሆነ እንደሆነም ለሁሉም በድምፅ ማጉያው እንዲናገር ይጠይቁት። ለእርስዎ ብቻ ከመለሰልዎ መልሱን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለፉርጎው ይድገሙት፤ መስማት የተሳነው ሰው አጠገብዎ ካለም በስልክዎ ላይ ጽፈው ያሳዩት።